ጊዜ ሲለዋወጥ በጥሞና ምሪትና ተስፋ መፈለግ፦ ከዝግጅት እስከ እርምጃ

ጥሞና ሞክረው የተዉ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንዱ «ዝም ብዬ ስቀመጥ ጭንቀቴ ባሰብኝ» ነው፤ ሌላው «ጠየቅሁ፣ ምንም አልመጣልኝም»። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ስህተት ነው። ብዙ ሰው የሚቀመጠው ነገሩ ሲጠብበት ብቻ ነው፤ ገና ቁጭ ከማለቱም ጥያቄውን ያነሣል። ያልረጋ ልብ ሲጠየቅ የሚመልሰው ፍርሃቱን ወይም ምኞቱን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ መርጋት፣ ቀጥሎ መጠየቅ፣ የመጣውን መፈተን፣ ከዚያ መራመድ። ጠቅላላው ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

ጥሞና ነገን አይተነብይም። በልጉ ይዝነብ አይዝነብ፣ መንገዱ ይከፈት አይከፈት፣ የኑሮ ውድነቱ ይርገብ አይርገብ በመቀመጥ አይታወቅም። ሊታወቅ የሚችለው በዚህ ሁሉ መሀል እናንተ ምን ማድረግ እንደምትችሉና ምን መልቀቅ እንደማትፈልጉ ነው። ሶላትንም ሆነ ጸሎትን አይተካም። ሁለቱንም ሳታጓድሉ ከጎናቸው የምታስቀምጡት ልምምድ ነው።

አስቸኳይ ነገርን ደግሞ ለጥሞና አታቆዩ። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ሐኪም ዘንድ ውሰዱ፤ አደጋ ከቀረበ ሽሹ። ይህ መመሪያ ሁለት ሳምንት መቆየት ለሚችል ጉዳይ ነው።

## ከመጀመር በፊት፦ በጥንቃቄ መያዝ ያለባቸው

በ2014 ዓ.ም. ወሎ ላይ በደረሰው ጦርነት ከቤቱ የተፈናቀለ፣ ሰው የሞተበት ወይም ክፉ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያየው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ይህ የእምነት ማነስም የጠባይ ድክመትም አይደለም፤ የተደናገጠ ሰውነት ጸጥታን እንደ አደጋ ስለሚቆጥር ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ ልምምዱን ለውጡት፦

- ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ሁለት ክንድ ያህል ከፊት ለፊት ወለሉን እዩ።
- ጀርባችሁን ለግድግዳ፣ ፊታችሁን ለበሩ ስጡ። በሩን አትቆልፉ።
- ከ3 ደቂቃ አትለፉ። ቤት ውስጥ የምታምኑት ሰው ይኑር።
- የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በመርጋት ብቻ ጨርሱ፤ የጥያቄውን ደረጃ ለኋላ አቆዩት።

ያያችሁት ነገር በመሀል ከመጣባችሁ ትንፋሽ መቁጠሩን ወዲያው አቁሙ። በዙሪያችሁ የምታዩትን 5 ነገር ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ 4 ነገር ዳስሱ፤ 3 ድምፅ አዳምጡ። እግራችሁን ወለሉ ላይ ጫን አድርጉ፤ ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ። የዕለቱ ልምምድ እዚያ ላይ ያበቃል።

በየሌሊቱ ቅዠት የሚያስነሣው፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው በጥሞና ብቻ አይቆይ። ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገር፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወዳለው ሆስፒታል ይሂድ። ጠበልም ዱዓም ከሕክምናው ጋር አብረው መሄድ ይችላሉ፤ የታዘዘ መድኃኒት ግን በራስ ፈቃድ አይቋረጥ።

## ደረጃ 1፦ ዝግጅት

አብዛኛው ክሽፈት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ሰዓት። በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት ይሁን። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፦ ቤቱ ገና ጸጥ ያለ ነው፣ ስልክም አይጠራም። ሱብሂ የሚሰግድ ሰው ከሶላቱ በኋላ እዚያው ይቀመጥ። ኪዳን የሚያደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ወደ ሥራ ሳይገባ ይቀመጥ። ጠዋት የማይመች ከሆነ ከእራት በፊት ጥሩ ነው፤ ከእራት በኋላ ግን እንቅልፍ ይወስዳችኋል። አልጋ ላይ አትቀመጡ።

ብርድ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ንጋቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ ቶሎ ይበርደዋል፤ የበረደው ሰው ደግሞ ትከሻውን ይሰበስባል፣ ትንፋሹም ያጥራል። ትከሻችሁንና ጉልበታችሁን በጋቢ ጠቅልሉ፤ ካልሲ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በር ዘግታችሁ የከሰል ምድጃ አጠገባችሁ አታስቀምጡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ መክበድ፣ ድንዛዜ ያመጣል፤ ጀማሪው ደግሞ መክበዱን ጥልቅ እርጋታ ነው ብሎ ሊቆይበት ይችላል። ሰው ይገድላል። ቤቱን ማሞቅ ካለባችሁ ቀድማችሁ አሙቁ፤ ልትቀመጡ ስትሉ ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡ፣ በሩን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ። ለእጣን የሚቀመጥ ፍሕምም እንዲሁ ነው። እጣን ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ አጭሱና ማጨሻውን አውጡ፤ አስም ያለበት ሰው ጭራሽ ይተወው።

ባቲና ሌላው ቆላ ላይ ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

መቀመጫ። ዳሌያችሁ ከጉልበታችሁ ትንሽ ከፍ ይበል። በርጩማ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ስለሚል ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ወገብም ይጎብጣል፤ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባ ያማል። የታጠፈ ብርድ ልብስ ደርቡበት። በትክክል መቀመጣችሁን ለማወቅ መዳፋችሁን ጭናችሁ ላይ ዳሌው አጠገብ አስቀምጡና ወደ ጉልበት አንሸራትቱ፤ እጃችሁ ቁልቁል ከሄደ ልክ ነው፣ ሽቅብ ከወጣ ድርብ ጨምሩ። መደብ ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ለለመደ ሰው አራት ጣት ያህል ከፍታ ያለው የታጠፈ ጋቢ ከዳሌው ሥር ይበቃዋል። ጉልበቱን የሚያመው ወንበር ይጠቀም፤ ሁለቱም እግሮች ወለሉን ይንኩ።

ቡናና ጫት። ቡና ጠጥታችሁ ወዲያው አትቀመጡ። የቡናው ኃይል በሰውነት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚወርደው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሙሉ ጠጥቶ የተቀመጠ ሰው የልቡን ምት ብቻ ሲያዳምጥ ይውላል። ጠዋት ከሆነ ጥሞናው ይቅደም፣ ቡናው ይከተል።

ጫት የሚቅም ሰው በተለይ ይህን ልብ ይበል። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ነገር ይቻላል፣ ሁሉም መንገድ ክፍት ይመስላል፤ ሲበርድ ደግሞ ድብርት ተከትሎ ሁሉም ነገር የተዘጋ ይመስላል። ሁለቱም ምሪት አይደሉም። ጫት የሚቀርብበት የዱዓ ወግና ሥርዓት የራሱ ቦታ አለው፤ ይህ ልምምድ ግን ሳይቀም በታደረበት ጠዋት ይደረግ።

ድምፅ። ዜማም መንዙማም ከፍታችሁ አትቀመጡ። በትዝታ ወይም በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ ዜማ ልብን ይነካል፤ የሚያመጣው ግን ያለፈውን ማስታወስ ነው፣ ለሌላ ሰዓት ይቆይ። ስልኩን ኤርፕላን ሞድ ላይ አድርጉና የ10 ደቂቃ ማንቂያ ሙሉ፤ ከጀርባችሁ አስቀምጡት።

ደብተርና ቤተሰብ። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይኑር። ለቤት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ፦ «ሩብ ሰዓት አትጥሩኝ»። ካልተነገራቸው በር ከፍተው «ምነው? ምን ሆንክ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ደግሞም ይገባቸዋል።

## ደረጃ 2፦ መርጋት (ከቀን 1 እስከ ቀን 7)

በዚህ ሳምንት ምንም አትጠይቁ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

1. ተቀመጡ። ወገባችሁን ቀጥ፣ አገጫችሁን በትንሹ ወደ ውስጥ አድርጉ። እጆቻችሁ ጭናችሁ ላይ ይረፉ።
2. የምታጠብቁትን ልቀቁ፦ መጀመሪያ መንጋጋ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ሆድ። ብዙ ሰው ሆዱን እንደያዘ አያውቀውም። ቀበቶና መቀነት አላሉ።
3. በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፤ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። አሥር ጊዜ ብቻ። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ዝግ ይላል፤ ሰውነት ከድንጋጤ የሚወርደው በዚህ ነው። ትንፋሽ ይዛችሁ አትቆዩ።
4. ከአሥሩ በኋላ መለካቱን ተዉና ትንፋሹ በራሱ መንገድ ይሂድ። የሚወጣውን ብቻ ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አሥር። ከዚያ እንደገና ከአንድ።
5. ሐሳብ ሲወስዳችሁ ስሙን ጥሩት፦ «ስጋት»፣ «እቅድ»፣ «ቂም»፣ «ትዝታ»። አንድ ቃል ይበቃል። አትከራከሩት፤ ወደ አንድ ተመለሱ።
6. ማንቂያው ሲጮህ ወዲያው አትነሡ። ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ፣ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ ቁሙ።

አምስተኛው ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። አሥር ሳይደርስ ሃያ ጊዜ መወሰድ የተለመደ ነው። ልምምዱ መመለሱ ነው፤ ሃያ ጊዜ የተመለሰ ሰው ሃያ ጊዜ ሠርቷል። እስከ አሥር ሳትወሰዱ መቁጠር ግብ አይደለም።

### እዚህ የሚበላሸው ምንድን ነው?

*ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል።* ከመጠን በላይ በኃይል እየተነፈሳችሁ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ሲቀንስ እንዲህ ይሆናል። መቁጠሩን አቁሙ፣ አፋችሁን ዝጉና እንደ ወትሮው ተንፍሱ። በጥቂት ደቂቃ ይለቃል። በማግስቱ 4 እና 6ን ወደ 3 እና 4 አውርዱ። ቤት ውስጥ ከሰል ካለ ግን ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ወዲያው ውጡ።

*እግር ይደነዝዛል።* ነርቭ ስለተጫነ ነው። እግራችሁን ዘርጉ፤ ስሜቱ ሳይመለስ ለመቆም አትሞክሩ፣ ትወድቃላችሁ።

*እንቅልፍ ይወስዳል።* ዓይናችሁን ግማሽ ክፈቱ፣ ወይም ቆማችሁ አድርጉት። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከወሰዳችሁ ግን የጎደላችሁ እንቅልፍ ነው፤ መጀመሪያ ተኙ።

*ጫጫታ ነው።* ደሴ ውስጥ አዛኑ፣ ደወሉ፣ ዶሮውና ባጃጁ በአንድ ሰዓት ይነሣሉ። ጸጥታ አትጠብቁ። አዛን ወይም ደወል ሲሰማ ቁጥሩን አቁሙና ድምፁ እስኪያልቅ እርሱን አዳምጡ፤ ሲያልቅ ከአንድ ጀምሩ።

*እንባ ይመጣል።* ይምጣ። ትንፋሹን አትያዙ። ልቅሶው ከተጀመረበት ከፍ እያለ ከሄደ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ተነሡ፣ ሰው ካለበት ሂዱ።

*ምንም አልተሰማኝም።* ሊሰማችሁ የሚገባ ልዩ ነገር የለም። ምልክቱ ሌላ ቦታ ይታያል፦ ለልጅ ቶሎ አለመቆጣት፣ ክፉ ወሬ ሲሰማ ወዲያው ለሌላ አለማስተላለፍ።

## ደረጃ 3፦ ጥያቄውን ማቅረብ (ከቀን 8 እስከ ቀን 10)

ጥያቄው ከመቀመጣችሁ በፊት በወረቀት ይጻፍ። «ምን ይሻለኛል?» ጥያቄ አይደለም፤ ጭንቀት ነው። «ሳውዲ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ከእርሱ ይሻላል፣ ግን ገና ሰፊ ነው፤ ልብ የሚመልሰው በአዎና በአይደለም ስለሚሆን የትኛው ፍርሃት እንደሆነ አይለይም። እንዲህ ዝርዝሩት፦

- ለመሄድ የሚገፋኝ ምንድን ነው፤ ዕዳ፣ የእኩዮቼ መሄድ ወይስ የራሴ ፍላጎት?
- ብቀር የምፈራው ምንድን ነው? ብሄድስ?
- ማንም የማያየኝ፣ ማንም የማይፈርድብኝ ቢሆን የትኛውን እመርጥ ነበር?
- በሚቀጥሉት 30 ቀናት በእጄ ያለው ምንድን ነው?

ከነዚህ አንዷን ብቻ ምረጡ። ሦስቱንም ቀን ያቺኑ ጥያቄ ታቀርባላችሁ። በየቀኑ ጥያቄ መቀያየር ይህን ደረጃ ከሚያከሽፉት ነገሮች ዋነኛው ነው።

አሠራሩ፦ ማንቂያውን 12 ደቂቃ አድርጉ። ሰባት ደቂቃ ያህል በደረጃ 2 እንደለመዳችሁት ርጉ። ከዚያ ጥያቄውን በልባችሁ አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ በሉት፤ ወደ ትንፋሹ ተመለሱ፤ ጠብቁ። ከጠፋባችሁ ሁለተኛ ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስተኛ ጊዜ በሉት። ከዚያ በላይ መደጋገም ራስን መመርመር ነው፣ ሐሳቡንም ያስነሣዋል። በመጠበቁ ጊዜ ለደረትና ለሆዳችሁ ልብ ስጡ፦ አንዱ አማራጭ ሲነሣ ይወጠራል ወይስ ይለቃል?

ማንቂያው ሲጮህ ከማንም ጋር ሳታወሩ ጻፉ። አምስት ደቂቃ፣ ሳታስውቡ፣ ሳትሰርዙ። ምስል ከመጣ ምስሉን፣ የሰው ፊት ከመጣ ስሙን፣ ምንም ካልመጣ «ምንም» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ። መጻፍ የማይችል ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ሰሚው መልስ አይስጥ፣ ይያዝለት ብቻ።

ሦስቱንም ቀን «ምንም» ከሆነ ብዙ ጊዜ ስህተቱ ከጥያቄው ነው፦ ወይ ገና ሰፊ ነው፣ ወይ መልሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ከሆነ ጥያቄውን «ይህን እንዳላደርግ የያዘኝ ምንድን ነው?» ወደሚል ቀይሩና ሌላ ሦስት ቀን ስጡ።

## ደረጃ 4፦ የመጣውን መፈተን (ከቀን 11 እስከ ቀን 13)

የሦስቱን ቀን ጽሑፍ ጎን ለጎን አንብቡ።

ፍርሃት ይቸኩላል። «አሁኑኑ»፣ «አለቀ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ማንም» የሚሉ ቃላት ይበዙበታል። ከሰማችሁት ወሬ ማግስት ይበረታል፣ ወሬው ሲረግብ ይረግባል።

ምኞት ዋጋውን አይናገርም። ደርሶ የመመለሱን፣ ቤት የመሥራቱን፣ የሰዉን አድናቆት ያሳያል፤ የመንገዱን ወጪ፣ የዕዳውን ወለድ፣ ልጁን ማን እንደሚያሳድገው ይዘላል።

ምሪት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። አይጮህም። በተለያየ ቃል ቢሆንም ሦስቱንም ቀን ይደገማል፤ የሚያስከፍለውንም ይጨምራል፦ «ወንድሜን ማናገር አለብኝ፤ ይከብደኛል።» ሌላውን ለመጉዳት አያነሣሣም። ራሳችሁን ወይም ሰውን እንድትጎዱ የሚያዝ ነገር ከመጣ ምሪት አይደለም፤ ልምምዱን አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሦስቱ ተቀላቅለው ቢገኙ አትደነቁ። እርሳስ አንሡና ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ፍ»፣ «ም»፣ «ሪ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሦስቱም ቀን የተደገመ «ሪ» ካለ ያዙት።

ከዚያ ለሰው አሳዩ። ይህን መዝለል አይገባም፤ በአንድ ልብ ብቻ የተፈተነ ነገር አልተፈተነም። የንስሐ አባት፣ ሸህ፣ አጎት፣ ጉዳዩ የማይጠቅመውም የማይጎዳውም ትልቅ ሰው ይሁን። ሙስሊም ከሆናችሁ ሶላቱል ኢስቲኻራንም (በውሳኔ ጊዜ የአላህን ምርጫ የሚጠየቅበትን ሶላት) የምትሰግዱት በዚሁ ወቅት ነው፤ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ዱዓውን ማድረስና ከሚያውቅ ሰው ጋር መማከር አብረው ይሄዳሉ። ስትማከሩ «እንዲህ ወስኛለሁ፣ ምን ይላሉ?» አትበሉ፤ ሰው አክብሯችሁ ይስማማል። «አባባ፣ ይህ ነገር የት ላይ ሊበላሽብኝ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጉዳዩ ከሰው ጋር የሚያጣላ ከሆነ፣ በተለይ የመሬት፣ የውርስ ወይም የደም ነገር፣ ጥሞና የራሳችሁን ቁጣ ከማብረድ አያልፍም። ሽማግሌ፣ አባጋር (በወሎ ባህል የተጣሉትን የሚያስታርቅ ሰው) ባለበትም አባጋር፣ ይግባበት።

## ደረጃ 5፦ ተስፋን በወረቀት ማስያዝ (ቀን 14)

ጎረቤት «አብሽሩ» (አይዟችሁ) ሲል ልብ ይሞቃል፤ ማታ ግን ሐሳቡ ይመለሳል። ተስፋ እንዲቆይ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የምትፈልጉት ነገር፣ ቢያንስ ሁለት መንገድ፣ እና በ48 ሰዓት ውስጥ የሚሠራ አንድ እርምጃ። በአንድ ገጽ ጻፉት። ለምሳሌ ሱቋ የተዘጋባት እናት እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦

- የምፈልገው፦ ልጆቹ እስከ ሰኔ ከትምህርት እንዳይቀሩ።
- መንገድ 1፦ የቀረውን ዕቃ ሰኞ ባቲ ገበያ ወስጄ መሸጥ።
- መንገድ 2፦ ከእህቴ ጋር በአንድ ቤት ሆነን የቤት ኪራዩን መካፈል።
- እርምጃ፦ ነገ ጠዋት የመኪናውን ሒሳብ መጠየቅ፤ ማታ ለእህቴ መደወል።

ሁለተኛው መንገድ የግድ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ሰው ያ ሲዘጋ ተስፋውም አብሮ ይዘጋል። እርምጃው ደግሞ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ አይሁን፦ «ሥራ ማግኘት» በእጃችሁ የለም፣ «ሦስት ቦታ ሄዶ መጠየቅ» አለ። እርምጃው በሁለት ቀን ካልተሠራ ትልቅ ነበር ማለት ነው፤ ግማሽ አድርጉት።

## ሲቋረጥ

ለቅሶ፣ ሠርግ፣ አጨዳ፣ እንግዳ ይመጣል፤ ልምምዱ ይቋረጣል። ያመለጠውን ለማካካስ ግማሽ ሰዓት አትቀመጡ። ለቅሶ ቤት ባላችሁበት ሰሞን በቀን 3 ደቂቃ ትንፋሽ መቁጠር ይበቃል፣ ጥያቄ አታንሡ። ሐዘን ትኩስ በሆነበት ጊዜ የተወሰነ ትልቅ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ይጸጽታል፤ አርባው እስኪወጣ ማቆየት ይሻላል።

በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ከሰዓት በኋላ ራስ የሚዞረው ሰው ሰዓቱን ወደ ንጋት ያምጣ፤ በጾሙ መጨረሻ ሰዓት ላይ የ4 እና 6 ቆጠራውን ትቶ እንደ ወትሮው ይተንፍስ።

ከሳምንት በላይ ከተቋረጠ ደረጃ 2ን ለሦስት ቀን ደግማችሁ ከዚያ ወደ ቆማችሁበት ተመለሱ። የድሮውን ጥያቄ እንደገና ከማቅረባችሁ በፊት ደብተሩን አንብቡ፤ ነገሩ በመሀል ተለውጦ ከሆነ ያንን ጥያቄ በአንድ መስመር ሰርዙና አዲሱን ከነቀኑ ከሥሩ ጻፉ።